መንገዱን ማን አቀላው?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። እየነዳችሁ ግን አደራ!

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ ወደ ቨርጂኒያ ልትሻገሩ ስልካችሁን ስትከፍቱ 495 ላይ ያለው መስመር ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ማን አቀላው? ይህን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ “ሳተላይት ነዋ!” የሚል ነው። ከሰማይ ቁልቁል መኪና የሚቆጥር ዓይን ያለ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። መንገዱን ያቀላነው እኛው ነን። እዚያ ቀይ መስመር ውስጥ ቆመው የሚበሳጩት ሰዎች ስልኮች ናቸው ለእናንተ ወሬውን ያደረሱት። ነገ እናንተ ስትቆሙ ደግሞ የእናንተ ስልክ ለሌላው ያደርሳል።

ፊዚክስ ሳስተምር እንደምለው፣ መጀመሪያ ማን ለማን ምን እንደሚልክ እንለይ።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እየዞሩ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ የሚናገር ምልክት ይበትናሉ። ልክ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ናቸው። ሸገር ኤፍኤም በማን ቤት ሬዲዮ እንደተከፈተ እንደማያውቅ ሁሉ ሳተላይቱም ማን እየሰማው እንደሆነ አያውቅም። ስልካችን ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት ይቀበልና አስልቶ “እዚህ ነኝ” ይላል። የሚለው ለራሱ ነው። እስከዚህ ድረስ ምስጢሩ ኪሳችን ውስጥ ነው።

ወሬው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የካርታው አፕ ያለንበትን ቦታ በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተር ይልካል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ደግሞ ይልካል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ነጥቦች ይዞ የትኛው መንገድ ላይ፣ ወደየት አቅጣጫ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደምንሄድ ያሰላል። ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት። ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ ያሉትን የሌሎችንም ስልኮች አንድ ላይ አድርጎ መንገዱ ነፃ ሲሆን ከሚኖረው ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል። ብዙ ካልቀነሰ አረንጓዴ፣ ከተጎተተ ብርቱካናማ፣ ከቆመ ቀይ። አለቀ።

ይህን በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ከበርሊኑ አርቲስት ከሲሞን ቬከርት የተሻለ አስተማሪ የለም። በ2020 (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው) 99 ስልኮችን በአንዲት ትንሽ የእጅ ጋሪ ጭኖ ጭር ባለ ጎዳና ላይ በእግሩ እየጎተተ ሄደ። ጉግል ካርታ ላይ መንገዱ ቀይ ሆነ! አንድም መኪና ሳይጨናነቅ 99 ስልክ ቀስ ስላለ ብቻ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ ሰው ያለበትን ማወቁና ያለበትን መናገሩ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ሁለተኛው የሰው ውሳኔ ነው። ቀሪው ጽሑፌ በሙሉ ስለ ሁለተኛው ነው።

ከስልክ በፊትም እኮ የመንገድ ወሬ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሄሊኮፕተር ላይ ሆነው በሬዲዮ የሚያስተላልፉ ነበሩ። አስፋልት ውስጥ የተቀበረ የሽቦ ጥቅልል አለ፤ ብረት ሲያልፍበት ይቆጥራል፣ የማን ብረት እንደሆነ ግን አያውቅም። አዲስ አበባ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ ዘዴ ነበረን፤ ከፊት የሚመጣው የታክሲ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ “መገናኛ ዝግ ነው፣ በውስጥ ግባ!” ይላል። ወሬው ትኩስ ነው፣ ነፃ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተናግሮት ሲያልፍ ያልቃል። ማን መቼ የት እንደነበረ የሚጽፍ መዝገብ የለም።

ጉግል ከተራ ስልኮች የሚሰበሰበውን ፍጥነት ለትራፊክ ካርታው መጠቀሙን ያስታወቀው በ2009 ነው። ያኔ የገባውን ቃል ላስታውሳችሁ። መረጃው ከማንነት ተለይቶ ይሰበሰባል፣ የጉዞው መነሻና መድረሻም ተለይቶ ለዘለቄታው ይሰረዛል አለ። ቃሉ ጥሩ ነው፤ የሰውን ማንነት የሚያጋልጠው መነሻና መድረሻው መሆኑን ከመጀመሪያውም ያውቁ እንደነበር ያሳያል። በ2013 ደግሞ ሾፌሮች ራሳቸው አደጋና ፖሊስ የሚጠቁሙበትን ዌዝን ገዛው። የተከፈለው ገንዘብ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የተጠጋ ነበር። ዌዝ ያን ያህል የተገዛው አስፋልት ስላለው አይደለም። እኛ ስላለነው ነው።

እኔ ነገሩን ከነአካቴው የምቃወም ሰው አይደለሁም። ከመካከላችን ስንቱ ነው ከለሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ዳላስ ኤርፖርት ሰው የሚያደርስ? የተዘጋውን መንገድ አውቆ የሚዞር ሹፌር ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ ልጆቹ ሳይተኙ ቤቱ ይገባል። ይህ የሚገኘው ሁሉም ትንሽ ትንሽ ስላዋጣ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን አይደል? ልክ እንደዚያ ነው፤ ደቦ ነው።

ግን በደቦ ወግ የማን እርሻ እንደሚታረስ ይታወቃል። አርሰህ፣ በልተህ ጠጥተህ ማታ ቤትህ ትገባለህ። ባለ እርሻው ተከትሎህ መጥቶ ከማን ጋር እንዳደርክ አይጽፍም። የእኛ ሎሚ ግን አንድ ቤት ይከማቻል፤ ለሰብሳቢው ደግሞ ሸክም ሳይሆን ጎተራ ሆኖታል። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቦታ ከፍዬ ላስረዳ።

አንደኛ፣ “ስም የለውም” የሚለው ማስተማመኛ ከሚመስለው በላይ ስስ ነው።

በ2013 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የሞባይል መረጃ ወሰዱ። ስም የለበትም፤ የትኛው አንቴና አካባቢ፣ በስንት ሰዓት እንደነበሩ ብቻ ነው። ከዚያም አንድን ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ነጥሎ ለማውጣት ስንት ነጥብ ይበቃል ብለው ጠየቁ። አራት! ቦታና ሰዓቱ የታወቀ አራት ነጥብ ብቻ 95 በመቶ የሚሆኑትን ሰዎች ነጥሎ ለማውጣት በቃ።

ያስገርማል? ራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ማታ ማታ አንድ አፓርታማ ውስጥ የሚያድር ስልክ አለ እንበል። ቀን ቀን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይውላል። እሁድ ጠዋት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ማክሰኞ ማታ አንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ። አፓርታማው ውስጥ አምስት መቶ ሰው ይኖር ይሆናል። ከአምስት መቶው ውስጥ ያ ማቆሚያ የሚሠራው ስንቱ ነው? ከእነሱስ ያ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው? ማክሰኞ ላይ ስትደርሱ አንድ ሰው ይቀራል። ስሙን ማንም አልነገራችሁም፤ ግን አሁን አንድ የሠፈር ሰው ብትጠይቁ ስሙን ይነግራችኋል። ውሏችን ከስማችን በላይ ስማችን ነው።

ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው ስም ፈጽሞ ባይወጣ እንኳ የብዙ ሰው እንቅስቃሴ ራሱ ወሬ ነው።

በአማርኛ “ትራፊክ” ስንል መጨናነቁንም ፖሊሱንም ማለታችን ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ በ2011 ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ቦታ ተገናኙ። የመንገድ መሪ መሣሪያ የሚሠራው ቶምቶም ከደንበኞቹ የሰበሰበውን የፍጥነት መረጃ፣ ስም የሌለበትን፣ ለመንግሥት አካላት ሸጠ። መንገድ ይሻሻልበታል ተብሎ ነበር። ፖሊስ ግን ሾፌሮች የትኛው መንገድ ላይ እንደሚፈጥኑ አየበትና የፍጥነት ካሜራ የት እንደሚተክል ወሰነበት። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። “ታዲያ መፍጠን ጥፋት አይደል?” ትሉኝ ይሆናል። ነው። ግን ሰዎቹ መረጃውን የሰጡት መንገድ እንዲመራቸው ነበር። ለአንድ ጉዳይ የሰጠኸው ነገር ሳትጠየቅ ለሌላ ጉዳይ ዋለ፤ ያውም በራስህ ላይ።

ሌላም አለ። የካቲት 24 ቀን 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ሌሊት፣ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሚድልበሪ ተቋም ተመራማሪ ጄፍሪ ልዊስ ከቤልጎሮድ ወደ ዩክሬን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ጉግል ካርታ መጨናነቅ ሲያሳይ አየ። እዚያ ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። በዚያ ሰዓት ማን ይጨናነቃል? ፕሬዚዳንቱ ጦርነቱን በቴሌቪዥን ከማወጃቸው በፊት ካርታው ተናገረ። ልዊስ እንዳብራራው ያ ወሬ የወጣው ከወታደሮቹ ስልክ ላይሆን ይችላል፤ በወታደር መኪና መንገድ ከተዘጋባቸው ተራ ሰዎች ስልክ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጉግል ዩክሬን ውስጥ የቀጥታ ትራፊክ ማሳያውን አጠፋ። በ2023 እስራኤልና ጋዛ ውስጥም እንደዚሁ አደረገ። አስቡት፤ ምንም የማይጎዳ የመንገድ ቀለም ቢሆን ኖሮ ጦርነት ሲመጣ ማጥፋት ለምን አስፈለገ?

ሦስተኛ፣ ቧንቧው አንድ ነው፣ ባልዲው ግን ብዙ ነው።

የካርታው አፕ ብቻ አይደለም ያለንበትን የሚጠይቀን። የአየር ሁኔታው፣ ጨዋታው፣ የዋጋ ቅናሽ ፈላጊው፣ ሁሉም “ሎኬሽን ይፈቀድ?” ይላል፤ እኛም ቸኩለን “እሺ” እንላለን። ከዚያ ገበያ አለ። ዳታ የሚደልሉ ደላሎች አሉ፤ እውነተኛ ደላላ፣ ከአንዱ ገዝቶ ለሌላው የሚሸጥ። በ2020 ዎል ስትሪት ጆርናል እንደዘገበው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ የሞባይል መገኛ መረጃ ከገበያ ገዝተው ለሥራቸው ተጠቅመዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 መንግሥት የሰውን የስልክ እንቅስቃሴ መዝገብ ከስልክ ኩባንያ ለመውሰድ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሎ ነበር። ግን ሱቅ ሄዶ የሚገዛ ሰው ማዘዣ ምን ያደርግለታል?

በዚያው በ2020 ደግሞ የሶላት ሰዓትና ቂብላ የሚያሳየው ሙስሊም ፕሮ የተባለው አፕ የተጠቃሚዎቹ መገኛ በደላላ በኩል አልፎ ለአሜሪካ ጦር ሥራ ተቋራጮች መድረሱ ተዘገበ። ሰውዬው የፈለገው ወደ መካ መዞር ብቻ ነበር። አፕ ሠሪው ከደላላው ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጡን ያስታወቀው ነገሩ በጋዜጠኞች ከወጣ በኋላ ነው።

መኪናችንም አላረፈም። በጥር 2025 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጄኔራል ሞተርስን የከሰሰው የሾፌሮችን ትክክለኛ መገኛና የአነዳድ ጠባይ ሰብስቦ ያለ በቂ ፈቃድ ሸጧል ብሎ ነው። መገኛው እስከ በየሦስት ሰከንዱ ይሰበሰብ ነበር ይላል ክሱ። መረጃው ዞሮ ዞሮ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ጋ ደረሰ። ኢንሹራንስህ ለምን እንደጨመረ ሳይገባህ የከረምክ ወንድሜ፣ ፍሬን የረገጥክበትን ቀን የቆጠረልህ የገዛ መኪናህ ሊሆን ይችላል።

አሁን “እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?” ወደሚለው እንምጣ። ይህን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ሌባ ያልሆነ ምን ይፈራል ለማለት ነው።

እኛ ግን “ገበና” የሚል ቃል ያለን ሕዝብ ነን። ገበና ወንጀል አይደለም። እናቴ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃውን የምትጋርደው ጓዳ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ ስላለ አልነበረም። ለሁሉ ሰው የማይታይ ነገር ስላለ ነው፤ ስለሌለ የሚጋረድም አለ፤ ባዶ ሌማት ይጋረዳል። ሐኪም ቤት ለሦስተኛ ጊዜ የሄደች ሴት ወንጀል አልሠራችም፤ ግን ለባሏ እንኳ መቼ እንደምትነግረው የምትወስነው እሷ ናት። ከሚመታት ሰው ሸሽታ እህቷ ቤት ያደረች ሴት ስልኳ ቢናገርባት ጉዳቱ የማስታወቂያ ጉዳይ አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው የት እንደሚያድር መታወቁም እንደዚያው። ራሳችንን ብቻ አስበን “የምደብቀው የለኝም” ስንል በእነዚህ ሰዎች ስም ጭምር እየፈረምን ነው።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ። አዲስ አበባ ውስጥ ራይድና ፈረስ ስትጠሩ የምትሳፈሩበትና የምትወርዱበት ቦታ ይመዘገባል፤ ያለዚያ አገልግሎቱ አይሠራም። ጥያቄው ከወረዳችሁ በኋላ ያ መዝገብ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጅ ግን የሚጠይቅ ሰው ከሌለው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። “ስለ እኔ ምን ይዛችኋል? እስከ መቼ? ለማን ሰጣችሁ?” ብሎ መጠየቅን እንልመድ። ነውር የለውም።

እስከዚያው እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለው አለ፦

1. ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ሎኬሽን የፈቀዳችሁላቸውን አፖች ዝርዝር እዩ። “ሁልጊዜ” የሚለውን “ስጠቀምበት ብቻ” ወደሚለው ቀይሩ። ባትሪያችሁም ያመሰግናችኋል።

2. የአየር ሁኔታ አፕ ከተማችሁን ማወቅ ይበቃዋል፤ የቤት ቁጥራችሁን ማወቅ አያስፈልገውም። “ትክክለኛ መገኛ” የሚለውን አጥፉበት።

3. ጉግል ካርታ ውስጥ የጉዞ ታሪክ የሚመዘገብበት ቦታ አለ። ከፍታችሁ እዩት። ካልፈለጋችሁ አጥፉት፤ ከፈለጋችሁ በየሦስት ወሩ ራሱ እንዲሰርዝ አድርጉት።

4. አዲስ መኪና ስትገዙ ሻጩ ስክሪኑ ላይ “እሺ በለው” የሚላችሁን ሁሉ እሺ አትበሉ። ኢንሹራንስ “በደንብ ለሚነዳ ቅናሽ” ብሎ አፕ ሲሰጣችሁም ቅናሹ ስንት እንደሆነ፣ ቢጨምርስ ስንት እንደሚጨምር ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው፤ አውቃለሁ። በኡበርና በሊፍት እንጀራውን የሚያበስል ሰው ሎኬሽን አጥፋ ቢባል ሥራ አቁም ማለት ነው። ስለዚህ ሸክሙን በሙሉ ግለሰቡ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። መሆን ያለበት ሕግ ቀላል ነው፦ ለመንገድ የተሰጠ ለመንገድ ይዋል። ቀዩን መስመር ለመሳል የሚያስፈልገው የመንገዱ ፍጥነት ነው እንጂ የእኔ ማንነት፣ የእኔ ቤት፣ የእኔ እሁድ አይደለም። ፍጥነቱ ከተሰላ በኋላ የላከው ማን እንደሆነ ማስቀመጥ ለትራፊኩ አንዲት ደቂቃ አይቆጥብለትም። የሚቆጥበው ለሌላ ሰው፣ ለሌላ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ አፕ ለምትሠሩት የቀድሞ ተማሪዎቼ ነው። ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቻችሁ ሲያትል። “ወደፊት ያስፈልግ ይሆናል” ተብሎ የሚከማች መረጃ ሲያጋጥማችሁ፣ ስብሰባው ላይ እጃችሁን አውጡና “ለምን?” በሉ። ክፍል ውስጥ ስጠይቃችሁ እጅ ማውጣት የምትፈሩት ሁሉ፣ አሁን ጊዜው ነው። ያለንበትን የሚያውቀው ስልካችን ነው፤ እንዲናገር ወይም ዝም እንዲል የሚጽፉት ግን የእናንተ ጣቶች ናቸው።

የምትጨምሩት ወይም የምትሞግቱኝ ካለ ከታች ጻፉ፤ ማታ ቡና ላይ አነባለሁ። መንገዱ ይቅናችሁ።